የሽመክት አልጫ

በቤታችን ውስጥ በእግዚአብሔር መኖር የማላምነው እኔ ብቻ ነኝ። የጾም ወጥ የምሠራውም እኔ ብቻ ነኝ። እናቴ በለጠች ጉልበቷን ካመማት ወዲህ ምድጃ አጠገብ ብዙ መቆም አትችልም። ታላቅ ወንድሜ ሽመክት ደግሞ ሽንኩርት ልጦ አያውቅም። ስለዚህ ሁዳዴ ሲገባ በማለዳ ተነስቼ ሁለት ድስት እጥዳለሁ። ትልቁ ለእናቴና ለእኔ፣ በርበሬ ያለው። ትንሹ ለሽመክት፣ ጨጓራውን ስለሚያመው፣ አልጫ ሽሮ። ከዚያ ፊቴን ታጥቤ ወደ ሥራ እሄዳለሁ።

ማመን የተውኩት ተጣልቼ አይደለም። ሰዉ እንደዚያ ነው የሚመስለው፤ አባቷ ሲሞት በፈጣሪ ተቀይማ ነው ይላሉ። አባቴ ዘገዬ የምድር ባቡር ሰው ነበር፣ ዕድሜ ጠግቦ ነው የሞተው፣ ማንንም አልተቀየምኩም። ነገሩ ቀስ እያለ ነው የለቀቀኝ። አንድ ሐምሌ ቁልቢ ልንሳለም ሄደን፣ ሰዉ ሁሉ እንባውን ሲያፈስ፣ እኔም ዓይኔን ጨፍኜ የምለውን ስል፣ መስመሩ የተቆረጠ ስልክ ጆሮዬ ላይ ይዤ የምለፈልፍ መሰለኝ። ስልኩን አስቀመጥኩት። በቃ፣ ይኸው ነው። ለማንም አልሰበክኩም፣ በማንም ላይ አልሳቅኩም። እናቴ ስትጠይቀኝ ግን አልዋሸኋትም። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ በጾምም በፍስኩም ያሰኘኝን እበላለሁ፣ እነሱም ያዩኛል። እናቴ መጀመሪያ አለቀሰች፣ ከዚያ ተሳለች፣ ከዚያ ጠበል አስመጣች፣ በመጨረሻ ለመደችኝ። ሽመክት አልለመደኝም።

ሽመክት የሰንበት ትምህርት ቤት ሰው ነው። ለገሃር አካባቢ የባጃጅ መለዋወጫ ይሸጣል፤ ሱቁ ውስጥ ከጎማውና ከካንዴላው በላይ የቅዱሳን ሥዕል ተደርድሯል። ክፉ ነው ብል ድሬዳዋ ውስጥ የሚያምነኝ አይገኝም። የታመመ ይጠይቃል፣ ለቀብር ቀድሞ ይደርሳል፣ ያልታወቀ ሬሳ እንኳ ሲገኝ መቃብር ለመቆፈር አካፋ ይዞ የሚሄድ እሱ ነው። እኔን ግን በቁሜ ነው የቀበረኝ።

ይትባረክ የሚባል ሰው ነበረኝ። እኔ ትራንዚት ቢሮ የዕቃ ማስገቢያ ዲክላራሲዮን እሞላለሁ፣ እሱ ጉምሩክ ነው፣ በአንድ ኮሪደር ስንተላለፍ ተላመድን። እንደማላምን ነግሬዋለሁ። ሳቀና «ቅዳሴ ላይ አብረሽኝ ቁሚ እንጂ ውስጥሽን ማን ያየዋል» አለኝ። ጥሩ ሰው ነበር። ካቻምና ጥር ላይ ሽማግሌ ላከ። አባታችን ስለሌለ ሽማግሌዎቹን የተቀበለው ሽመክት ነው። እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ሻይ እየቀዳሁ ነበር፣ እናቴ ከነሱ ጋር ተቀምጣለች። ልጃችሁን ለልጃችን ልንለምን ነው የመጣነው አሉ። ሽመክት በዚያ በለሰለሰ፣ መዝሙር በሚያወጣበት ድምፁ መለሰ።

«አባቶቼ፣ እናንተን ማታለል አልችልም። እህቴ ከሃዲ ናት። እግዚአብሔር የለም ነው የምትለው። የሚወለዱትን ልጆች በምን እንደምታሳድጋቸው አስባችሁ ውሰዷት።»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ እኛው ሰፈር የሚኖሩት ጠና ያሉት ሰውዬ፣ አማተቡ። ሻዩን ይዤ ስገባ ማንም ብርጭቆ አላነሳም። እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ መሬት መሬት ታያለች፣ አንዲት ቃል አልወጣትም። ይትባረክ ለጥቂት ጊዜ ደወለልኝ። ከዚያ እናቱ ታመሙ፣ ከዚያ ሥራ በዛበት፣ ከዚያ ሌላ ሴት አገባ። አሁንም በዚያው ኮሪደር እንተላለፋለን። ሚስቱ አርግዛለች። እኔ ወረቀቴን አስፈርሜ እመለሳለሁ።

ሽማግሌዎቹ የመጡ ዕለት ማታ ሽመክትን ጠየቅኩት፤ «ምን በድዬህ ነው?»

«ለነፍስሽ ብዬ ነው» አለ። «አንድ ቀን ታመሰግኚኛለሽ።»

ከዚያ በኋላ ስለዚህ ነገር ቤታችን ውስጥ ተወርቶ አያውቅም። ሁለቱም የረሳሁት መሰላቸው። እኔ ቂም ስይዝ አልጮህም፣ በር አልደበድብም፣ እንደ ወትሮው ደህና ዋላችሁ እላለሁ። ቂሜን ግን እንደ እርሾ በየቀኑ እያየሁ አኖርኩት።

ዘንድሮ ደግሞ ሽመክት ሊያገባ ነው። ሙሽራዋ ኪዳነ ምሕረት የምትባል የመዘምራን ልጅ ናት፣ ዝምተኛ፣ ከእሷ ጋር ጠብ የለኝም። ሠርጉ በተክሊል ነው፤ ከፋሲካ በኋላ በዳግማይ ትንሣኤ አብረው ሊቆርቡ። እናቴም አብራቸው ልትቆርብ። ጾሙ ሊገባ አካባቢ ሽመክት ወጥ ቤት ድረስ መጣና በሩ ላይ ቆመ።

«ዲና፣ ይኼን ጾም እንደሌላው ጊዜ አይደለም የምጾመው» አለኝ። «ለተክሊሉ ነው። ንጹሕ ሆኜ መድረስ ነው የምፈልገው። የሚበላውን ከአንቺ በቀር የሚሠራልኝ የለም፤ አደራ።»

አደራ አለኝ እኮ። እኔን። የኔን ሠርግ ያፈረሰ ሰው ለራሱ ሠርግ በኔ እጅ ሊነጻ። በደስታ ቀልጦ ትከሻዬን መታ መታ አደረገና «ላንቺም እሱ ያውቃል» ብሎ ወጣ። ምን እንደማደርግ ያወቅኩት ያኔ ነው።

ዘንድሮ ረመዳንና ሁዳዴ ተገናኝተዋል። ድሬ ላይ እንዲህ ሲሆን የማይጾም ሰው መግቢያ የለውም። እስላሙ ቤት ምድጃው ጠፍቷል፣ ክርስቲያኑ ቤት ሽሮ ብቻ ነው፤ በምሳ ሰዓት አፉን የሚያንቀሳቅስ የቀረው እኔና ቀፊራ ገበያ በር ላይ የቆሙት የጋሪ አህዮች ነን። በዚያ ሰሞን ምሳዬን የምበላው ፋዱማ ሱቅ ጓዳ ውስጥ፣ በሩዝ ጆንያ ላይ ተቀምጬ ነው። ፋዱማ ቀፊራ ውስጥ ቅመምና ከጅቡቲ የገባ ሸቀጥ ትሸጣለች፣ ከልጅነታችን ጀምሮ እንተዋወቃለን። ራሷ እየጾመች በር ትጠብቅልኛለች።

«የዱቄት ወተት ስጪኝ፣ ትልቁን ጣሳ» አልኳት።

«አቦ፣ ጨጓራሽ ተነሳ እንዴ?»

«ለወንድሜ ነው።»

ጣሳውን አውርዳ በእጇ እንደያዘች ቆመች። «ወንድምሽ ሁዳዴ ላይ አይደለም እንዴ?»

ነገርኳት። ለሌላ ሰው አልነግርም ነበር፣ ፋዱማ ግን ያን ጊዜም ይትባረክ ሲቀር ጓዳዋ ውስጥ ያባበለችኝ እሷ ናት። በሽሮው ውስጥ እንደምበጠብጥለት፣ አልጫ ስለሆነ ነጩ እንደማይታይ፣ ጾሙን በሙሉ ፍስክ እንደማበላው፣ ከዚያ ሊቆርብ ሲል ሽማግሌዎቹ ፊት እንደምነግረው ነገርኳት። ሰምታኝ ስትጨርስ ጣሳውን አልሰጠችኝም።

«ወላሂ ዲና፣ ይኼ አያስኬድሽም። ጾመኛ ሳያውቅ የበላው አይጻፍበትም። እኛም ጋ እንደዚያ ነው፣ እናንተም ጋ ሳይሆን አይቀርም። የሚጻፈው እያወቀ በበላ ላይ ነው። እና ደግሞ ባበላው ላይ።»

«ይጻፍብኝ። የሚጽፍ እንደሌለ ታውቂያለሽ።»

«ከሌለ ታዲያ ምን አደረግሽው? ወተት አበላሽው። ወተት ደግሞ ጥሩ ነው፣ አጥንት ይጠግናል።»

«ለሱ አለ» አልኳት። «ለሱ ያለውን ነው የምወስድበት።»

ፋዱማ ምላሷን አንኳኳችና ጣሳውን በላስቲክ ጠቅልላ ሰጠችኝ። ሁለተኛ ስለሱ አላነሳችብኝም፣ ምሳ ስበላም እንደ በፊቱ አብራኝ አልተቀመጠችም።

ጣሳውን ወጥ ቤት ውስጥ ከከሰሉ ጆንያ ጀርባ ሸሸግኩት። በየማለዳው ትንሹ ድስት ላይ ሽሮው ሊወርድ ሲል ሁለት ማንኪያ በውኃ በጥብጬ እጨምርበታለሁ። ያምራል። ይለሰልሳል። ሽታውን እንዳይለዩት ነጭ ሽንኩርቱን አበዛለሁ። ሽመክት የሚበላው በዘጠኝ ሰዓት ነው፤ እኔ በዚያ ሰዓት ቢሮ ነኝ፣ ከሱቁ ሲመጣ ምግቡን የምታቀርብለት እናቴ ናት። በቅዳሜና በእሁድም ቢሆን ለሽመክት ማቅረብ የሷ ወግ ነው፣ ማንንም አታስነካም። ማታ ስገባ መጀመሪያ የማየው ድስቱን ነው። ባዶ ሆኖ፣ ታጥቦ፣ ተደፍቶ አገኘዋለሁ።

እንዴት ደስ ይለኝ እንደነበር ልደብቅ አልፈልግም። እንቅልፌ ተስተካከለ። ይትባረክን ኮሪደር ላይ ሳየው ዓይኔን መስበር ተውኩ። አንድ ቅዳሜ ሽመክት አፉን እየጠራረገ «ዲና፣ ዘንድሮ ሽሮሽ ምን ሆነ? ባርኮታል መሰለኝ» ሲለኝ፣ ወደ ጓሮ ወጥቼ ብቻዬን ሳቅኩ። በሰሞነ ሕማማት ሲሰግድ፣ ግንባሩ አቧራ ነክቶ ሲመለስ፣ ውስጤ «ስገድ፣ ስገድ» ይል ነበር። ከዚያ በፊት በሆሳዕና ዘንባባውን በጣቱ ላይ ጠምጥሞ ለኔም አንድ ቀለበት ሠራልኝ። ተቀበልኩት። ፊቱ ሲለወጥ የማይበት ቀን እየቀረበ ስለነበረ ምንም ነገር አይከብደኝም። ምን እንደምለውም አውቄዋለሁ። እሱ ሽማግሌዎቹ ፊት እንዳለው በለሰለሰ ድምፅ፣ «አባቶቼ፣ እናንተን ማታለል አልችልም» ብዬ ነው የምጀምረው።

ፋሲካ አለፈ። ከሠርጉ በፊት ባለው ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ቤታችን ሰው ሞላ። የንስሐ አባታችን መጥተዋል፣ የሽመክት ሽማግሌዎች መጥተዋል፣ ከነሱ መካከል ያኔ ያማተቡት ሰውዬ አሉበት። ራሴ ብመርጥ እንኳ ከዚህ የተሻለ ሰው አልመርጥም ነበር። ኪዳነ ምሕረት አልነበረችም፣ ደስ አለኝ። ቅቅል ቀርቦ ተበላ። አባ እጃቸውን ታጥበው መስቀላቸውን ከኪሳቸው አወጡና ሽመክትን ፊት ለፊታቸው አስቀመጡት።

«እንግዲህ ልጄ፣ ጾምህን እንዴት ፈጸምክ?»

«በቸርነቱ አባ» አለ ሽመክት። አንገቱን ደፍቶ ነው፣ ዓይኑ ግን ያበራል። «እንደዘንድሮ ጾሜ አላውቅም። አንዲት ነገር አልጎደለብኝም።»

ውኃና ማስታጠቢያውን መሬት አስቀመጥኩ። «አባ፣ እኔም የምናገረው አለኝ» አልኩ።

ሁሉም ዞረው አዩኝ። እኔ በዚያ ቤት አባ ሲመጡ ሰላም ብዬ የምጠፋ ሰው ነኝ። ሽመክት ቅንድቡን ሰበሰበ። አፌን ስከፍት እናቴ ከዱካዋ ላይ ተነሳች፤ በሁለት እጇ ጉልበቷን ገፍታ ነው የምትነሳው፣ ጊዜ ይወስድባታል።

«ዲና፣ መጀመሪያ ነይና ድስቱን አውርጂልኝ። እያረረ ነው» አለች። ለአባም «አንዴ ይታገሱን አባ» አለቻቸው።

ምድጃው ላይ ድስት አልነበረም። እናቴ ወጥ ቤት ገብታ በሩን በጀርባዋ ዘጋችው።

«ልትናገሪ ነው» አለችኝ።

«ምኑን?»

«ወተቱን።»

ወደ ከሰሉ ጆንያ አየሁ። እናቴ ግን አልተቆጣችም፤ ገበያ ሄዳ የመጣች ይመስል በዚያ በደከመ ድምጿ ነው የምትናገረው።

«ሽሜ አንድም ቀን አልበላውም። እሱ የበላውን እኔ ነኝ የሠራሁለት፣ ቀን ቀን ተቀምጬ፣ አንቺ ከወጣሽ በኋላ። ቅዳሜና እሁድ ደግሞ የዓርቡን አስተርፌ አቀርብለት ነበር።»

«ድስቱን ባዶ ነው የማገኘው።»

«በላሁታ።»

ከግድግዳው ማዶ ሽማግሌዎቹ ስለ ሙቀቱ ያወራሉ።

«ጣሳውን በጀመርሽበት ዕለት ከሰል ሳወጣ አገኘሁት» አለች። «መጀመሪያ የራሷ ነው ብዬ መልሼ ልከተው ነበር። ኋላ ሳስበው፣ አንቺ ወተት የምትደብቂው ከማን ነው? እንደማትጾሚ ቤቱ ሁሉ ያውቃል። ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጠሽ እኛ ፊት ስትጠጪ ነው የኖርሽው። ለራስሽ ቢሆን ከሰል ጀርባ ምን ይሠራል? ሽሮውን ገልጬ አሸተትኩት። በነጭ ሽንኩርት ልትሸውጂኝ፣ እኔን፣ እናትሽን።»

«ለምን አልደፋሽውም?»

«ልደፋው አንስቼው ነበር። ጓሮ ድረስ ይዤው ወጣሁ። እዚያ ቆሜ ያ ቀን ትዝ አለኝ፤ ሽማግሌዎቹ ተቀምጠው፣ እሱ ያን ሲናገር፣ እኔ ነጠላዬን አፌ ላይ አድርጌ። አንተ ዝም በል ብለው ኖሮ ዛሬ ልጅ ታቅፈሽ ነበር። እናት ነኝ፣ እችል ነበር። አላልኩም። ይኼ ወተት ለሽሜ የመጣ አይደለም፣ ለኔ ነው የመጣው አልኩ። ተመልሼ ገባሁና በላሁት። በማግስቱም በላሁት።»

«እያወቅሽ?»

«እያወቅኩ።»

«ጾምሽስ?»

«ጾሜማ ቀረ» አለችና ዓይኗን ከኔ ላይ አነሳች። ከሕፃንነቷ ጀምሮ፣ አራስ ሆና እንኳ፣ ሁዳዴን ፈታ የማታውቅ ሴት ናት።

እዚህ ላይ አለቀስኩ፣ እግሯ ላይ ወደቅኩ ብል ደስ ይላችኋል። መጀመሪያ የተሰማኝ ግን ንዴት ነው። ማን ጠየቃት? ያን ሁሉ ማለዳ ተነስቼ ያበሰልኩት፣ ያን ሁሉ ጊዜ የጠበቅኩት፣ ለሱ ነበር። የሱን ወስዳ በላችብኝ። እሱ እዚያ ማዶ ከነንጽሕናው ተቀምጧል፣ አንዲት ጠብታ ሳትነካው፣ እሷ ደግሞ ያላትን አንድ ነገር በኔ እጅ አጥታ ወጥ ቤት ውስጥ ጉልበቷን ይዛ ቆማለች። ልጮህባት ፈለግኩ። ከዚያ እናቴ በነጠላዋ ጫፍ ላቧን ስትጠርግ አየሁና ጩኸቱ የት እንደገባ አላውቅም።

«አሁን ሂጂና ተናገሪ ካልሽ ተናገሪ» አለችኝ። «አላስቆምሽም። ያኔ እሱን አላስቆምኩትም፣ አንቺን ባስቆምሽ ግፍ ይሆንብኛል።»

በሩን ከፈተችልኝ።

ስመለስ ሁሉም እየጠበቁኝ ነው። «እህ ልጄ፣ ምን ልትዪ ነበር?» አሉ አባ።

ምን ልበል? ወተት ጨምሬበት ነበር ብል፣ ሽመክት አልነካውም፤ ተክሊሉም አይፈርስበትም። ተራቁታ የምትቀረው እናቴ ናት፣ በነዚያ ሽማግሌዎች ፊት፣ በንስሐ አባቷ ፊት፣ በልጇ ሠርግ ሳምንት። እሷ በሩ ላይ ቆማ ታየኛለች። ነጠላዋ ትከሻዋ ላይ ነው፣ አፏን አልሸፈነችም።

«ምርቃት ፈልጌ ነው አባ» አልኩ።

ያኔ ያማተቡት ሰውዬ እንደገና አማተቡ፣ አሁን ግን ፈገግ ብለው ነው። ሽመክት ብድግ አለና ዓይኑ እንባ ሞላ። «ተመስገን» አለ። «ሥራውን ጀመረ። እኔ ብዬሽ አልነበረም? አንድ ቀን ታመሰግኚኛለሽ ብዬሽ አልነበረም?» ራሱ ትከሻዬን ይዞ አባ ፊት አንበረከከኝ። መስቀሉ ግንባሬን ነካ፣ ከንፈሬን ነካ፣ ብረቱ ቀዝቃዛ ነበር። አባ ረጅም ምርቃት መረቁኝ፤ ትዳር፣ ልጅ፣ ዕድሜ። «አሜን» አልኩ። ሽመክት ከጎኔ ከኔ በላይ «አሜን» ይላል። በሕይወቴ ያን ያህል ሰው ጠልቼ አላውቅም።

እሁድ ተጋቡ። ሽመክትና ኪዳነ ምሕረት አክሊላቸውን ደፍተው ቆረቡ። ልትቆርብ ነው ተብሎ ነጭ ያለበሷት እናቴ ከኋላ ከሴቶቹ መካከል ቆማ ቀረች። ሰዎች ዞረው አዩ፣ እርስ በርስ ተንሾካሾኩ። ሽመክት ግብዣው ላይ «እማዬ ምን ሆንሽ?» ሲላት «ሆዴን ቁርጠት ይዞኝ ነው» አለችው። እሱም አመናት፣ ለሱ ሁሉ ነገር የሚታመን ነው።

ከሠርጉ በኋላ ለአባ ተናዘዘች። በጾም ወተት አማረኝና በላሁ ነው ያለቻቸው፤ ራሷ ናት የነገረችኝ። እናቴ ወተት ሲፈላ ከቤት የምትወጣ ሰው ናት። አባ ገርሟቸው ቀኖና ሰጧት፤ ጾምና ስግደት። በበዓለ ሃምሳ ስለማይሰገድ እስከ ጰራቅሊጦስ ጠበቀች። ጉልበትሽ ስለታመመ ጎንበስ እያልሽ አድርሺው ብለዋት ነበር፣ እምቢ አለች።

የሰኔ ጾም ሲገባ ጀመረች። በየማለዳው በረንዳው ላይ ሰሌን ታነጥፋለች። መውረዱን እንደምንም ትወርዳለች፣ መነሣቱ ነው የሚያቅታት። ስለዚህ እኔ ነኝ የማነሳት። ከኋላዋ ቆሜ በብብቷ እይዛትና ወደ ላይ እስባታለሁ፣ ትቆማለች፣ ታማትባለች፣ እንደገና ትወርዳለች። የድሬ ሰኔ በማለዳውም ይፋጃል፤ ሁለታችንም በላብ እንጠመቃለን። የማላምንበትን ስግደት በገዛ ክንዴ አሰግዳለሁ። ሥራ አርፍጄ ስገባ ኃላፊዬ ይቆጣል፣ ዝም እለዋለሁ።

አንድ ማለዳ ሽመክትና ኪዳነ ምሕረት ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ጎራ አሉ። ሽመክት የግቢውን በር ከፍቶ፣ እናታችን ሰሌኑ ላይ ተደፍታ፣ እኔ ላነሳት ጎንበስ ብዬ አየን። ቆመ። ልቡ ተነካ። ወደ ሚስቱ ዞሮ፣ እኔም እንድሰማው አድርጎ፣ በዚያ ድምፁ ተናገረ።

«አየሽ፣ እናት ማለት ይቺ ናት። በዚህ ጉልበቷ የምትሰግደው ለዲና ኃጢአት ነው።» ከዚያ ለእናቴ፣ «አይደል እማዬ?»

እናቴ ግንባሯን ከሰሌኑ ሳታነሳ «አዎ ሽሜ» አለችው።

«ትሰሚያለሽ አይደል?» አለኝ እኔን።

«እሰማለሁ» አልኩት።

ቀና ብዬ አየሁት። ወፍሯል፣ ትዳር ተስማምቶታል፣ ቀለበቱ ጣቱ ላይ ያበራል። ያኔ ነው የገባኝ። ወተቱ ምን ያደርገው ነበር? ይናዘዛል፣ ቀኖናውን ይፈጽማል፣ ሠርጉን ለሌላ እሁድ ያዘዋውራል፣ በኔም ላይ እያዘነ ይኖራል። ይኼኛው ግን ሌላ ነው። እናትህ ለተክሊልህ ስትል ጾሟን ሽጣለች፤ አንተ ስትቆርብ እሷ ከኋላ የቆመችው፣ አሁንም ጉልበቷ እስኪሰበር የምትሰግደው፣ አንተ ሽማግሌዎች ፊት በተናገርከው ነገር ነው። ይህንን ብነግረው አክሊሉ ዕድሜውን ሙሉ ራሱ ላይ ይከብደዋል። አንድም ቀን በሰላም አይቆርብም። ቃሉ አፌ ላይ ነበር፣ ለመናገር ከትንፋሽ በላይ አይፈልግም።

እናቴ «አንሺኝ» አለችኝ።

አነሳኋት። እሷ እያለች አልናገርም። በጾሟ የገዛችለትን ሰላም ደግሞ አልወስድባትም። ሽመክት በየቅዳሴው ለእናታችን ረጅም ዕድሜ እንደሚለምን አውቃለሁ፤ ይለምን፣ አጥብቆ ይለምን። እሷን የቀበርን ዕለት ማታ አጠገቡ ቁጭ ብዬ የምነግረው ነገር አለኝ።